መድኃኒትን የሚያከሽፍ ዘረ መል ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ እንዴት ይተላለፋል?

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ሆስፒታል ገብተው ከታከሙ ሕሙማን መካከል ተደራቢ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የያዛቸውና በዚህም ምክንያት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያስፈለጋቸው 8 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ያደረገው መረጃ እንደሚያሳየው ግን መድኃኒቱ የተሰጠው ከአራት ሕሙማን ለሦስቱ ነው። ይህ የሆነው በአብዛኛው ከቸልተኝነት የተነሣ አልነበረም። በሽታው አዲስ፣ ሕሙማኑም ብዙ ስለነበሩ መድኃኒቱ «ምናልባት ቢጠቅም፤ ባይጠቅምም አይጎዳም» በሚል እሳቤ ይታዘዝ ነበር። የዚህ እሳቤ ሁለተኛ ክፍል ትክክል አይደለም።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን እንደማይገድል በተደጋጋሚ ተነግሯል። ብዙም ያልተነገረው መድኃኒቱ ቫይረሱን ባይነካውም በሰውነት ውስጥ ያለ ሥራ እንደማይቀመጥ ነው። በሰው አንጀት፣ በጉሮሮና በቆዳ ላይ ቁጥራቸው በትሪሊዮን የሚገመት፣ በአብዛኛው ጉዳት የማያደርሱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የተዋጠው መድኃኒት የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው። መከላከያ የሌላቸው ይሞታሉ፤ መከላከያ ያላቸው ተርፈው የሞቱትን ቦታ ይወርሳሉ። የተረፉትም መከላከያቸውን ከእነርሱ ለሚወለዱት ብቻ አያወርሱም። በአጠገባቸው ለሚገኝ፣ ከእነርሱ ጋር የቅርብ ዝምድና ለሌለው፣ አንዳንድ ጊዜም በሽታ አምጪ ለሆነ ባክቴሪያ ያቀብላሉ። ይህ መቀባበል እንዴት እንደሚከናወን መረዳት በወረርሽኝ ጊዜ የሚሰጡ በርካታ ምክሮች ከየት እንደመጡ ለመረዳት ይጠቅማል።

መድኃኒት የሚላመደው ማን ነው?

በኅብረተሰቡ ዘንድ «ሰውነቴ ይህን መድኃኒት ለምዶታል፤ ጠንከር ያለ ይሰጠኝ» የሚል አነጋገር የተለመደ ነው። መድኃኒቱን የሚላመደው ግን የሰው ሰውነት አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚላመደው ሰውነት ቢሆን ኖሮ ችግሩ መድኃኒቱን ያለአግባብ በወሰደው ሰው ላይ ብቻ ተወስኖ ይቀር ነበር። የሚላመደው ባክቴሪያው በመሆኑ ግን ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል። በሕይወቱ አንድም የፀረ ባክቴሪያ እንክብል ያልዋጠ ሕፃን መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ሊያዝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ባክቴሪያ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጥረት ነው። የአኗኗሩና የአሠራሩ መመሪያ ሁሉ ክሮሞዞም በሚባል ረጅም የዲኤንኤ ክር ላይ ተጽፎ ይገኛል። በሰው አንጀት ውስጥ በብዛት የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ክሮሞዞም ከ4 ሚሊዮን በላይ «ፊደላት» አሉት፤ አንድን ነገር ለመሥራት የሚያስችል አንድ የመመሪያ ክፍል ዘረ መል ይባላል። ባክቴሪያው ለሁለት ሲከፈል መመሪያው ይገለበጣል፤ በቅጂው ላይ አልፎ አልፎ ስሕተት ይፈጠራል። ከስሕተቶቹ አንዱ በአጋጣሚ መድኃኒትን ለመቋቋም የሚያስችል ሊሆን ይችላል። ምቹ ሁኔታ ያገኘ ኢ. ኮላይ በ20 ደቂቃ ውስጥ ለሁለት ስለሚከፈል ይህ መንገድ ራሱ አሳሳቢ ነው። ቢሆንም በዚህ መንገድ የተገኘ መከላከያ የሚሄደው ከወላጅ ወደ ተወላጅ፣ በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሐረግን ይሻገራል። ብዙ ባክቴሪያዎች ከክሮሞዞማቸው ሌላ ፕላዝሚድ የሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀለበት የተያያዘ ትንሽ ዲኤንኤ አላቸው። ባክቴሪያው ያለ ፕላዝሚድ መኖር ይችላል። ፕላዝሚዱም ከክሮሞዞሙ ተለይቶ ራሱን ያባዛል። ከፕላዝሚዶች መካከል አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ባክቴሪያ ለመሻገር የሚያስችላቸውን ሙሉ መመሪያ በራሳቸው ላይ ይዘው ይገኛሉ። ከዚሁ ጋር መድኃኒት የሚያፈርስ ወይም መድኃኒትን ከሕዋሱ ወደ ውጭ የሚገፋ ዘረ መል ከተጫነባቸው መከላከያውም አብሮ ይጓዛል። ባክቴሪያዎች ዘረ መል የሚለዋወጡባቸው ሌሎች መንገዶችም አሉ፤ በሐኪም ቤት የሚታየውን በብዙ መድኃኒቶች ላይ በአንድ ጊዜ የሚከሰት መላመድ በማሠራጨት ረገድ ግን ይህ መንገድ ከሁሉም የበለጠ ድርሻ አለው።

የሁለት ባክቴሪያዎች ንክኪ

ባክቴሪያዎች ዘረ መል በንክኪ እንደሚለዋወጡ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። አሜሪካውያኑ ጆሹዋ ሌደርበርግና ኤድዋርድ ቴተም ሁለት ዓይነት ኢ. ኮላይ አዘጋጁ። እያንዳንዳቸው ለማደግ የሚያስፈልጓቸውን አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ራሳቸው መሥራት የማይችሉ ነበሩ፤ አንዱ የጎደለው ግን ሌላው ዘንድ ይገኝ ነበር። ንጥረ ነገሮቹ በሌሉበት ምግብ ላይ ለየብቻ ሲቀመጡ አንዳቸውም አላደጉም። ተቀላቅለው ሲቀመጡ ግን ከአሥር ሚሊዮን አንድ ያህሉ አደጉ። የአንዱ ዘረ መል ወደ ሌላው ተሻግሮ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በርናርድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ ሁለቱን ባክቴሪያዎች ፈሳሽ በሚያሳልፍ፣ ባክቴሪያ ግን በማያሳልፍ ረቂቅ ማጣሪያ ለይቶ አስቀመጣቸው። ያን ጊዜ ምንም ዓይነት ዝውውር አልታየም። ለዝውውሩ ሁለቱ ባክቴሪያዎች በአካል መነካካት እንዳለባቸው በዚህ ተረጋገጠ። «ፕላዝሚድ» የሚለውንም ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ሌደርበርግ ነው።

ዛሬ ሂደቱ በዝርዝር ይታወቃል። ፕላዝሚዱን የያዘው ባክቴሪያ ከሰውነቱ ፀጉር መሰል ቀጭን ክር ያወጣል። ክሩ በአቅራቢያው ያለን ሌላ ባክቴሪያ ሲነካ ይጣበቅበትና ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ ሁለቱም ይቀራረባሉ፤ ግድግዳና ግድግዳቸው ይገጥማል። በዚህ ጊዜ ፕላዝሚዱ ራሱ ባሠራው ኤንዛይም አማካይነት ከሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች አንደኛው በተወሰነ ቦታ ላይ ይቆረጣል። የተቆረጠው ክር ጫፉን አስቀድሞ በመካከላቸው በተዘረጋው ቀዳዳ ወደ ተቀባዩ ያልፋል። ሁለቱም ባክቴሪያዎች በእጃቸው ባለው አንድ ክር ላይ ተመሥርተው የጎደለውን ሌላኛውን ክር ይሠራሉ። ስለዚህ ሰጪው የሰጠው ነገር አይጎድልበትም፤ ጧፍ ከጧፍ እንደ መለኮስ ነው። መጠኑ 100 ሺህ ፊደላት ያህል የሆነ ፕላዝሚድ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተላልፎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ተቀባዩ ራሱ ሰጪ ይሆናል።

ሰጪና ተቀባይ አንድ ዓይነት መሆን አይጠበቅባቸውም። ጉዳት የማያደርሰው የአንጀት ኢ. ኮላይ ፕላዝሚዱን ለሺጌላ፣ ለሳልሞኔላ፣ ለክሌብሲዬላ ሊሰጥ ይችላል። ሺጌላ የደም ተቅማጥን፣ አንዱ የሳልሞኔላ ዓይነት ታይፎይድን የሚያስከትሉ ናቸው፤ ክሌብሲዬላ ደግሞ በጽኑ ሕሙማንና በጨቅላ ሕፃናት መታከሚያ ክፍሎች ውስጥ ለሞት የሚዳርግ የደም መመረዝ ያመጣል።

ከጃፓን የተገኘው ትምህርት

ይህ ግኝት ለተወሰነ ጊዜ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ከሕክምና ጋር ያገናኙት የጃፓን ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን በሺጌላ ምክንያት በሚመጣ የደም ተቅማጥ ክፉኛ ተቸግራ ነበር። መጀመሪያ የሰልፋ መድኃኒቶች ፈዋሽ ሆኑ፤ ብዙ ሳይቆይ ተህዋሱ ተላመዳቸው። በቦታቸው ስትሬፕቶማይሲን፣ ቴትራሳይክሊንና ክሎራምፌኒኮል ገቡ። በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ግን አራቱንም መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ሺጌላ መታየት ጀመረ።

ተመራማሪዎቹን ግራ ያጋባው ስሌቱ ነበር። አንድ ባክቴሪያ በመገልበጥ ስሕተት አንድን መድኃኒት የሚቋቋምበት ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። አራት የተለያዩ ስሕተቶች በአንድ ባክቴሪያ ላይ ተገጣጥመው አራት መድኃኒቶችን የሚያስቋቁሙበት ዕድል ደግሞ የማይታሰብ ያህል ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሲሆን በተደጋጋሚ ታየ። ከአንድ ሕመምተኛ ሰገራ በመድኃኒት የሚሞትና አራቱንም መድኃኒቶች የሚቋቋም ሺጌላ ጎን ለጎን ተገኘ። ከሁሉ ይበልጥ ምሥጢሩን የጠቆመው በዚያው ሰገራ ውስጥ ያለው ኢ. ኮላይም እነዚያኑ አራት መድኃኒቶች የሚቋቋም ሆኖ መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ቶሞይቺሮ አኪባና ኩኒታሮ ኦቺያይ የሚመሯቸው ሁለት ቡድኖች፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ አራቱን መድኃኒቶች የሚቋቋም ኢ. ኮላይን ከማይቋቋም ሺጌላ ጋር በአንድ የሙከራ ጠርሙስ ውስጥ ቀላቀሉ። ሺጌላው አራቱንም መቋቋም ቻለ። መከላከያዎቹ አንድ በአንድ የተገኙ ሳይሆኑ በአንድ ፕላዝሚድ ላይ ተጭነው በአንድ ጊዜ የተሻገሩ ነበሩ።

ሥራው በጃፓንኛ የታተመ በመሆኑ ሌላው ዓለም በስፋት ያወቀው ጹቶሙ ዋታናቤ እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝኛ ካቀረበው ሰፊ ዳሰሳ በኋላ ነው። ግንዛቤው ግን የተፈለገውን ያህል ቶሎ ወደ ሥራ አልተለወጠም። በ1969 (እ.ኤ.አ.) በጓቲማላ ጀምሮ ወደ ጎረቤት የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች የተዛመተው የሺጌላ ወረርሽኝ እነዚያኑ አራት መድኃኒቶች የሚቋቋም ነበር። በመጀመሪያ አሜባ ተብሎ በስሕተት በመታከሙ ብዙ ጊዜ ባከነ፤ በጓቲማላ ብቻ የሟቾቹ ቁጥር በሺዎች የሚቆጠር ሆነ።

ለምን አይጠፋም?

ፕላዝሚድ መሸከም ለባክቴሪያው ወጪ አለው። ቀለበቱን ለማባዛት ጉልበት ይፈልጋል፤ መድኃኒት በሌለበት አካባቢ ደግሞ ጥቅሙ አይታይም። ስለሆነም መድኃኒቱ ሲቆም ሸክሙን የጣሉ ባክቴሪያዎች ሌሎቹን በልጠው ፕላዝሚዱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል ብሎ መጠበቅ ምክንያታዊ ይመስላል። በተወሰነ ደረጃም ይህ ይሆናል። ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙ ፕላዝሚዶች ራሳቸውን የሚያስጠብቁበት ብልሃት አላቸው።

አንደኛው ብልሃት መርዝና ማርከሻን አጣምሮ መያዝ ነው። ፕላዝሚዱ በተሸካሚው ባክቴሪያ ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ መርዝና ቶሎ የሚፈርስ ማርከሻ በአንድነት እንዲሠሩ ያደርጋል። ፕላዝሚዱ እስካለ ድረስ ማርከሻው በየጊዜው ስለሚተካ ባክቴሪያው አይጎዳም። ባክቴሪያው ለሁለት ሲከፈል ፕላዝሚዱ ያልደረሰው ተወላጅ ግን መርዙን ከወላጁ ይዞ ይወለዳል፤ ማርከሻውን የሚተካለት የለም። ስለዚህ ይሞታል ወይም ማደግ ይሳነዋል። ባክቴሪያው ፕላዝሚዱን ከነሸክሙ ይዞ ለመኖር ይገደዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሰው አጠቃቀም ጋር ይያያዛል። በአንድ ፕላዝሚድ ላይ የአምስት መድኃኒቶች መከላከያ ተሰልፎ ከሆነ ከአምስቱ አንዱን ብቻ መጠቀም ሁሉንም ያቆያቸዋል። አንድ ሰው ለጉንፋን ብሎ የወሰደው ርካሽ መድኃኒት ፈጽሞ ወስዶት የማያውቀውን ውድ መድኃኒት የሚያከሽፍ ዘረ መል በአንጀቱ እንዲበዛ ሊያደርግ ይችላል። «የወሰድኩት ቀላል መድኃኒት ነው» የሚለው ማጽናኛ ከዚህ አንጻር ዋጋ የለውም።

በቅርብ ዓመታት የታዩ ሁኔታዎች

በየመን እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ ከ2 ሚሊዮን በላይ የተጠረጠሩ ሕሙማን ተመዝግበውበታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተገኘው የኮሌራ ተህዋስ በአብዛኞቹ መድኃኒቶች የሚሞት ነበር። ከ2018 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ተህዋሱ ብዙ መድኃኒቶችን የሚያከሽፍ ፕላዝሚድ ይዞ ተገኘ። ከከሸፉት መካከል ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ይሰጡ የነበሩት ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን ይገኙበታል። በኋላ የተደረገው የዘረ መል ጥናት ፕላዝሚዱ በአንድ የኮሌራ ዘር ብቻ ሳይወሰን ወደ ሌሎች የኮሌራ ዘሮች መሻገሩን አሳይቷል። የመን ከአፍሪካ ቀንድ በባሕር ብቻ የምትለይ፣ ስደተኞችና ተጓዦች በሁለቱም አቅጣጫ የሚመላለሱባት አገር መሆኗን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው።

በፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ሴፍትሪያክሶንን ጨምሮ ለታይፎይድ የሚታዘዙትን መድኃኒቶች አብዛኞቹን የሚቋቋም የታይፎይድ ተህዋስ ተከሰተ። በሚዋጥ መልክ የቀረው አማራጭ አዚትሮማይሲን ነበር። ተህዋሱ ሲመረመር ሴፍትሪያክሶንን የሚያከሽፈው ዘረ መል የሚገኘው በፕላዝሚድ ላይ ሆነ፤ ፕላዝሚዱም ቀደም ሲል በኢ. ኮላይ ላይ ከታየው ጋር የሚመሳሰል ነበር።

ርክክቡ የግድ በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ አይፈጸምም። ባክቴሪያ በብዛት ተቀራርቦ የሚገኝበትና መድኃኒት የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ለዚህ ምቹ ነው፤ የሆስፒታል እጅ መታጠቢያና የፍሳሽ ቱቦ፣ ያልታከመ የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የእንስሳት ማድለቢያ ቦታ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከቻይና የወጣው ሪፖርት ለዚህ ማስረጃ ነው። ኮሊስቲን ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ የሚሰጥ የመጨረሻ መድኃኒት ሲሆን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይታወቅ የነበረው መላመድ ከክሮሞዞም ለውጥ የሚመጣ ብቻ ስለነበር በቀላሉ አይተላለፍም የሚል መጽናኛ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ ዘረ መል በፕላዝሚድ ላይ፣ በአሳማዎች፣ በሥጋ መሸጫ በተገኘ ሥጋና በታካሚዎች ላይ አገኙ። መድኃኒቱ እንስሳቱ ፈጥነው እንዲያድጉ ከመኖ ጋር ይቀላቀል ነበር። ቻይና ይህን አጠቃቀም እ.ኤ.አ. በ2017 አቆመች፤ ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ዘረ መሉ በአሳማዎችም ሆነ በሰዎች ላይ የሚገኝበት መጠን በጉልህ ቀንሷል። ፕላዝሚድ ራሱን የሚያስጠብቅበት ብልሃት ቢኖረውም ግፊቱ ሲነሣለት የሚቀንስ መሆኑን ይህ ያሳያል።

በወረርሽኝ ጊዜ ኅብረተሰቡ ሊያደርገው የሚገባ

ኮቪድ-19፣ ኢንፍሉዌንዛና ጉንፋን የቫይረስ በሽታዎች ናቸው። ትኩሳትና ሳል ያለበት ሰው አሞክሳሲሊን፣ አዚትሮማይሲን ወይም ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መውሰድ የለበትም። የመድኃኒት ቤት ባለሙያም ማዘዣ ሲጠይቅ ደንበኛውን ለማጉላላት አስቦ እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ፀረ ባክቴሪያ አያስፈልግም ካለ ሕክምና እንደተነፈጉ አድርጎ መቁጠር አይገባም፤ ይልቁንም የትንፋሽ ማጠር፣ የትኩሳት መመለስ ወይም ሌላ የአደጋ ምልክት ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መመለስ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ በታዘዘ ጊዜ በታዘዘው መጠን፣ ሰዓትና የቀናት ብዛት መወሰድ አለበት። ከቀድሞ ሕመም የተረፈን እንክብል ማስቀመጥና ለቤተሰብ አባል ወይም ለጎረቤት ማካፈል፣ በበጎ አሳብም ቢሆን፣ ጎጂ ነው። የተረፈ መድኃኒት ወደ መጸዳጃ ወይም ወደ ወንዝ ሳይጣል ለመድኃኒት ቤት ወይም ለጤና ተቋም ባለሙያ በመስጠት እንዴት እንደሚወገድ መጠየቅ ይገባል። ለሰው የተዘጋጀን መድኃኒት ለዶሮና ለከብት መስጠትም እንዲሁ የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ እንስሳት ሲታመሙ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ተገቢ ነው።

በኮሌራ ወረርሽኝ ጊዜ ሕይወት የሚያድነው ቀዳሚው ሕክምና የፈሰሰውን ውኃና ጨው መተካት ነው። ተቅማጥ የጀመረው ሰው ወዲያውኑ ኦአርኤስ እየጠጣ ወደ ሕክምና ማዕከል መሄድ ይኖርበታል፤ ፀረ ባክቴሪያ የሚሰጠው በጠና ለታመሙና የጤና ባለሙያ ለወሰነላቸው ነው። ምልክት ለሌላቸው የመንደሩ ነዋሪዎች «ለመከላከያ» ተብሎ በጅምላ ማከፋፈል መድኃኒቱን ከማክሸፍ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

እጅን በሳሙና መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀምና ውኃን አክሞ መጠጣት በሽታ አምጪውን ብቻ ሳይሆን ፕላዝሚድ የተሸከመውን ጉዳት የማያደርስ ባክቴሪያም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዳይሻገር ያግዳሉ። የኋለኛው ሕመም ስለማያስከትል ማን እንደያዘው በዓይን አይታወቅም። ንጽሕና የታመመ ሰው በሌለበት ቤትም መጠበቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ክትባት ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል። ፕላዝሚድ ባክቴሪያውን ከመድኃኒት ያስጥለዋል እንጂ ክትባት ካነቃው የሰውነት መከላከያ አያስጥለውም። የታይፎይድ ክትባት ሰውነት የተህዋሱን የላይኛ ሽፋን ለይቶ እንዲያውቅ የሚያደርግ በመሆኑ ተህዋሱ መድኃኒት የተላመደ ይሁን አይሁን ለውጥ አያመጣም። ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2019 በሲንድ ለሕፃናት ዘመቻ ከፍታ አዲሱን የታይፎይድ ክትባት በመደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ በማስገባት ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች፤ መድኃኒት የተላመደው ታይፎይድ ክፉኛ በመታባት በሃይደራባድ የተደረገው ጥናትም የተከተቡ ሕፃናት ከዚሁ ተህዋስ በከፍተኛ ደረጃ መጠበቃቸውን አረጋግጧል።